ባለ በረንዳው ክፍል

ሊቀመንበሩ መስኮት ሠሪ ነው። ሊቀመንበር ያሉት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው፤ ማንም ሳይመርጠው የቤተሰቡን ጉዳይ ሁሉ ስለሚመራ። በአሉሚኒየምና በመስታወት ስንት ቤት ብርሃን እንዳስገባ እሱም አያውቀውም። የራሱ መኝታ ቤት መስኮት ግን የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳና በግድግዳው ላይ የወረደ አንድ የዝናብ ቧንቧ ብቻ ነው። ሚስቱ ከማየት ብዛት ቧንቧውን ዘመድ አድርጋዋለች። ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ፣ “ዛሬም ደህና አድሯል” ትላለች። እሱ ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል።

ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ላይ በመርከብ ሊዝናና ተስማምቶ የክፍሎቹ ነገር እንደተለመደው እሱ ጫንቃ ላይ ሲወድቅ፣ መጀመሪያ ያደረገው ለራሱ ማዳላት ነበር። የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ለቡድኑ አምስት ክፍል ሰጠው። አራቱ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያሉ፣ መስኮት የሚባል ያልፈጠረባቸው ናቸው። አምስተኛው ግን ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የመስታወት በር፣ ከበሩ ወዲያ ሁለት ወንበር የያዘች ትንሽ በረንዳ፣ ከበረንዳዋ ወዲያ ደግሞ ባሕር አለው። ይህንን በራሱና በሚስቱ ስም አስያዘና ለሚስቱ በሹክሹክታ ነገራት።

እሷም በማግስቱ ከሌሊት ልብስ ላይ የሚደረብ ቀለል ያለ ሰማያዊ ጋዋን ገዝታ መጣች።

“በረንዳው ላይ የምለብሰው ነው” አለችና ቁም ሳጥኑ በር ላይ ሰቀለችው።

እሑድ ቤተሰቡ ድልድሉን ሊሰማ እሱ ቤት ተሰበሰበ። የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው ታናሽ ወንድሙ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ መጣ። የአክስታቸው ልጆች መጡ። ጡረታ የወጣችው ነርስ ታላቅ እህቱም መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። በልጅነቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬም ስታየው አፍንጫውን ልትጠርግለት የምትነሳ ይመስለዋል። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ክፍሎቹን ማከፋፈል ጀመረ። ሁሉም በሰላም ሄደ። ባለ በረንዳው ላይ ሲደርስ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ተተከለ። ምላስ አጥንት የለውም፤ የእሱም ዞረ።

“ባለ በረንዳው ደግሞ… የእትዬ ነው። ታላቃችን እያለች ማን ይደፍረዋል!”

ይህን ሲል ተስፋ ቆርጦ አልነበረም፤ ሂሳብ ነበረው። እህቱ “በጭራሽ!” ትላለች። እሱ “በሞቴ” ይላል። እሷ “እናንተ ሁኑበት፤ ለእኔ አንድ አልጋ መች አነሰኝ” ትላለች። ሾፌሩም “እውነቷን ነው፣ የለፋኸው አንተ” ብሎ ያግዛታል። እሱ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ እንደ ተገደደ ሰው እየተነፈሰ ይቀበላል። ክፍሉ ይቀርለታል፤ ምስጋናው ትርፍ ነው። በዘመዱ ሁሉ ዘንድ ሲሠራ የኖረ ሂሳብ ነው።

እህቱ ለአፍታ አየችው።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ” አለችና ሻይዋን ፉት አደረገች።

በቃ። “በሞቴ” የምትለዋ ቃል የምትለምነው ሰው አጥታ ጉሮሮው ላይ ቀረች። ብርጭቆ ትሰበስብ የነበረችው ሚስቱ ትሪውን እንደያዘች ቀጥ አለች፤ ከዚያ ወደ ኩሽና ገባች። እንግዶቹ ሲሄዱ ጋዋኑ ከቁም ሳጥኑ በር ላይ አልነበረም።

“የት አደረግሽው?”

“ምኑን?”

“ጋዋኑን ነዋ።”

“መስኮት ለሌለው ክፍል ጋዋን ምን ይሠራል? የማን ዓይን ያርፍበታል?” አለች፤ ዞራም ለቧንቧው፣ “እኛ እንደሆን አንለያይም” አለችው።

ሊቀመንበሩ ነገሩን በጎን በኩል ሊመልስ ቆረጠ። “እትዬ፣ ክፍሉን መልሽልኝ” ብሎ መናገር የሚቻል ነገር መሆኑ ጭራሽ አልታየውም። ስልክ ደወለላት።

“እትዬ፣ የዚያ በረንዳ ነፋስ ለጉልበትሽ እንዳይከፋ ሰጋሁ።”

“ሹራብ እደርባለሁ።”

“የማዕበሉም ድምፅ እንቅልፍ ይነሳል ይላሉ።”

“ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ እከታለሁ። አንተ አታስብ። ከልብህ የሰጠኸኝን አልመልስም።”

“ከልብህ” የምትለዋ እንደ መስታወት ስባሪ ወጋችው። በማግስቱ ሾፌሩን ጠርቶ፣ “አንተ በዘዴ ንገራት” ብሎ ላከው። ሾፌሩ እየተፍለቀለቀ ተመለሰ።

“ነገርኳት።”

“ምን አልካት?”

“ሊቀመንበሩ ባንቺ ሐሳብ እንቅልፍ አጥቷል አልኳት። እንባዋ ሊፈስ ምንም አልቀረው፤ ‘እንዴት ያለ ወንድም ሰጠኝ’ አለች።”

“አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ አውቶቡሱን እንዴት ነው የምትነዳው?”

“ቀጥ አድርጌ። አንተም አንዳንዴ ብትሞክረው ጥሩ ነው።”

የቀረው ከእሑድ በኋላ ባለ በረንዳውን በእህቱ ስም ያዛወረበት የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ነበር። በዚያ የምትሠራው ልጅ ትሑት ናት። ክፍሉን ከእህቱ ጋር ለማቀያየር ግን እህቱ ራሷ ደውላ መፍቀድ አለባት አለችው። “ወይም ደግሞ የጤና ምክንያት ካለ…” ብላ ጨመረች። ሊቀመንበሩ አሰበ። ጤነኛ እህቱን ማሳመም ነውር ነው። ስለዚህ ራሱን አሳመመ።

“መስኮት የሌለው ክፍል ያዞረኛል፣ ልጄ። ትንፋሼም ቁርጥ ቁርጥ ይላል።”

“ውይ! ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩን? ምንም አይጨነቁ፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።”

ያን ቀን ወርክሾፑ ውስጥ እያፏጨ አንድ የመስኮት ፍሬም ቆረጠ። ከልኩ አሳጥሮ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ለቡድኑ ሁሉ በየስልኩ መልእክት ገባ። የቡድኑ መሪ በጤና መታወክ ምክንያት ከባለቤታቸው ጋር ከመርከቡ ክሊኒክ አጠገብ ወዳለው ክፍል ተዛውረዋል፤ ክፍሉ ሁለት ነጠላ አልጋና የአስታማሚ መጥሪያ ደወል አለው፤ በሩም ለተሽከርካሪ ወንበር ሰፊ ነው ይላል። ስለ መስኮት የሚል ቃል የለበትም።

መጀመሪያ የደወለው ሾፌሩ ነው። “ሊቀመንበር፣ ተሽከርካሪ ወንበር?”

ሚስቱ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። “እስካሁን መስኮት ነበር ያጣነው። አሁን ደግሞ አልጋም ለየብቻ” አለች። ወዲያው የበሩ ደወል ተደወለ። እህቱ የደም ግፊት መለኪያዋን አንጠልጥላ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ መጥታለች። ሊቀመንበሩ ከማብራራት መተኛት ቀለለውና ከነካልሲው አልጋው ላይ ወጣ።

እህቱ እጅጌውን ሰብስባ የመለኪያውን ጨርቅ ክንዱ ላይ ጠመጠመች። ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ ቆመች።

“ማዞሩ መቼ ጀመረህ?”

“እሑድ።”

“ከሻዩ በፊት ነው በኋላ?”

“በኋላ።”

እህቱ መለኪያውን ነፋች፣ አየችው፣ እንደገና ነፋች። “ደምህ የልጅ ደም ነው” አለች። “ሌላ የደበቅከው ሕመም ካለ ንገረኝ። እኔ ሞቼ ነው የምትደብቀኝ?”

በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ልጅ ናት። የሐኪም ወረቀት እንደሚያስፈልግና የክፍሎቹ ድልድል ዛሬ ተዘግቶ ወደ መርከቡ እንደሚሄድ ተናገረች። ከዚያ በኋላ መቀየር የለም።

“አንዴ ያዢኝ፣ ልጄ።”

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የሊቀመንበሩን ያወጣው የደም ግፊት መለኪያ ነው። ክንዱ እንደተጠፈረ ጣሪያውን እያየ ተናገረ።

“እትዬ፣ አልታመምኩም። በረንዳውን ፈልጌው ነው። የሰጠሁሽ… እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነው።”

ጨርቁ ውስጥ የነበረው አየር እስስ እያለ ወጣ።

“እኔ እኮ ባሕር ሳይ ያዞረኛል” አለች እህቱ በመጨረሻ።

“እና ለምን ተቀበልሽ?”

“ቤት ሙሉ ሰው ፊት አክብረህ ስትሰጠኝ እምቢ ብዬ ላዋርድህ? መጋረጃውን ዘግቼ፣ ጥጤን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ልሰነብትበት ነበር።”

“የጉልበትሽን ነገር ሳነሳብሽስ?”

“ደግነትህ መስሎኝ! ለጥቂት ቀን እንኳ ደግ ብዬህ ነበር እኮ፣ አንተ!”

“ሃሎ? ጌታዬ፣ አሉ?” አለ ስልኩ። “ባለ በረንዳው ክፍል በማን ስም ይሁን?”

ከልጅነቱ ጀምሮ በሊቀመንበሩ አፍ ላይ ያደገችው ዓረፍተ ነገር ተነስታ መጣች፤ “ለእኔ ግድ የለም፣ እነሱ…” ልትል። ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ አላየችውም፤ ቧንቧውን እያየች ነበር።

“በእኔ” አለ። ድምፁ እንደ ሌባ ቀጠነ። ደገመው። “በእኔና በሚስቴ።”

“እህትዎስ?”

“ከባሕሩ የራቀውን!” ብላ እህቱ ወደ ስልኩ ጮኸች።

“ጤናዎስ፣ ጌታዬ?”

“ድኛለሁ፣ ልጄ። ነርስ አጠገቤ አለች።”

ሚስቱ ከቁም ሳጥኑ በታች ያለውን መሳቢያ ስባ ጋዋኑን አወጣችና አራገፈችው። እህቱ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር።

“ወንበሩ ስንት ነው አልክ፣ በረንዳው ላይ?”

“ሁለት።”

“አንዳንድ ማታ ብቻዬን ሲሰለቸኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መጥቼ ብቀመጥስ?”

“እንዴታ! አንዱ ያንቺ፣ እኔ እንደሆን ቆሜም…”

ጋዋኑ መጥቶ ፊቱ ላይ አረፈ። እህቱ ሳቋን ለቀቀችው። “ልፈትንህ ነው እንጂ ለምን ብዬ! ለዚህኛው በሽታህ እኔም መድኃኒት የለኝም።”

ሊቀመንበሩ ጋዋኑን ከፊቱ ላይ አላነሳም።

“ሁለት ወንበር ነው፣ እትዬ” አለ ከሥሩ ሆኖ። “ሁለት ብቻ።”