በጠይባ ግድግዳ ላይ የተሳለው ጉድጓድ

ቀበሌው ሕዝቡን የሚያቀራርብ ሥዕል ገበያው ፊት ይሳል ብሎ ሲወስን፣ ለዚያ የሚበቃ ረጅም ግድግዳ ያለው የጠይባ ሱቅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጠይባም አልተቃወመች። ከሶማሌው ጦርነት ወዲህ፣ ወንድሟ ከወራሪው ጋር ሄደ ተብሎ፣ የወታደር ካምፑ ሚስቶች ሱቋን ከረሱት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሌሎቹስ ይቅር፤ እሷ የናፈቃት የአንዲት ሴት ሰላምታ ነበር። ባሏ በዚያው ጦርነት የሞተባት ጎረቤቷ ሀረገወይን፣ አጥር ለአጥር እየኖሩ፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ለመግዛት ከተማውን ታቋርጣለች።

ሠዓሊው አሥር አለቃ በላይነህ ነው፤ በካምፑ መፈክር የሚጽፍ የደጋ ሰው። ሦስት ቀን ለፍቶ የቦረናን ጉድጓድ ሳለ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ረጅም ገመድ።

በገበያ ቀን ጋልጋሎ የሚባሉ ከብት አርቢ ሽማግሌ ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

«አካም፣ አሥር አለቃ። ይሄ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው?»

«ውሃ እየቀዳ ነው፣ አባባ።»

«ብቻውን? ዘመድ የለውም? የኛ ጉድጓድ ጥልቅ ነው፣ ልጄ። አንዱ ካንዱ በላይ ቆሞ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ፣ እየዘፈነ ነው የሚያወጣው። ይሄ ቀድቶ እስኪጨርስ ከብቱ አለቀ።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። በላይነህ አኮረፈ። «እንግዲያው ያሳዩኝ» አለ።

ጋልጋሎም ነጋዴ፣ የካምፕ ሰው፣ አላፊ አግዳሚ ሳይሉ ያገኙትን ሁሉ እየጎተቱ በሱቁ ደረጃ ላይ ደረደሩ። ሀረገወይንም ጎመኗን እንደያዘች ተያዘች። ሽማግሌ አይገፋ ነገር፣ ጎመኑን አስቀምጣ ቆመች፤ ዞር ብትል ከጎኗ ያለችው ጠይባ።

ጋልጋሎ ዘፈኑን አስጀመሩ፤ ውሃ የሞላው ባልዲ ከታች ተነሣ። ጠይባ ተቀብላ ዘረጋችው። ሀረገወይን እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም። ዘፈኑ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ከብቱ እየጠበቀ ነው፣ እናቴ» አሉ ጋልጋሎ።

ሀረገወይን የባልዲውን ጫፍ ያዘች።

«በቃ፣ እንደዚያው። ማንም እንዳይነቃነቅ» አለ በላይነህ፣ መሳያ ከሰሉን እያነሣ። መፈክር የለመደ ሰው፣ ክንድ እንደሚዝል ከየት ያውቃል።

ባልዲው በመካከላቸው እየከበደ ሄደ።

«ወንድምሽ ደብዳቤ ይጽፋል?» አለች ሀረገወይን፣ ፊት ለፊቷን እያየች።

«አይጽፍም፣ እትዬ ሀረግ። በሕይወት መኖሩንም አላውቅ።»

ሀረገወይን የባልዲውን ጫፍ አጥብቃ ያዘች።

«የኔውም አይጽፍ» አለች በመጨረሻ።

ጠይባ ትሳቅ ታልቅስ ጠፋት። ክንዷ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ውሃው በሁለቱም ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

«ልቀቂው፣ እኔ ይዤዋለሁ።»

«ይከብድዎታል።»

«ይክበደኝ። ክንድሽን አሳርፊና መልሰሽ ትይዣለሽ።»

«አትነቃነቁ ብያለሁ» ብሎ በላይነህ ተቆጣ።

«አንተ ዝም ብለህ ሳል» አለችው ሀረገወይን።