በሽማግሌው ደጅ

ጆይስቲኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መጥቶ ዶክተር ካላሉካ ፊት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እሱ ግን የሚያየው የግድግዳውን ሰዓት ነበር። ስምንት ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ይቀራል። በሉሳካ የመብራት ፈረቃ መሠረት ዛሬ በዩኒቨርሲቲው በኩል መብራት የሚጠፋው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሌላ ቀን የሚራገመውን ይህን ፈረቃ ዛሬ በልቡ ሲለማመነው ዋለ።

«መቼም ጨዋታ ስንል...» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተር፣ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት!» አለ ከኋላ ሙቢያና፣ የክፍሉ ቀልደኛ። «የተከራከረ ይጫወት! ምን ወሬ ያስፈልጋል?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

እውነቱን ነው። ቪዲዮ ጌሞችን አብሮ የሚያጠናውን፣ ነጥብም የሚያዝበትን ይህን ማኅበር ከሦስት ዓመት በፊት ያቋቋመው ካላሉካ ነው። አንዱ ይጫወታል፣ ሌሎቹ እያዩ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ክርክር ነው። ጌም ሰውን ምን እንደሚያስተምር አፉን ሞልቶ ሲናገር የሰማ ሁሉ ዕድሜውን በጆይስቲክ የጨረሰ ይመስለዋል። ጉድ እኮ ነው! ሰውዬው አንድም ጌም ተጫውቶ አያውቅም። መጀመሪያ ጊዜ አጣ፤ በኋላ ጀማሪነቱን ተማሪዎቹ እንዳያዩበት አፈረ፤ ውሎ አድሮ ሌሎች ሲጫወቱ የተቀረጸውን እያየ ማስተማር ለመደ።

የዛሬውን ጣጣ ያመጣው የተማሪዋ የናሉቻ ጽሑፍ ነው። ጎርፍ ከከበባት መንደር ሰዎችን በጀልባ የሚያሻግሩበት ጌም ውስጥ፣ ቤቴን አልለቅም የሚል ሽማግሌ አለ። ተጫዋቾች ይለምኑታል፣ ይጎትቱታል፣ በመጨረሻ ጥለውት ይሄዳሉ። ናሉቻ ግን «ምንም ሳይነኩ አጠገቡ ቢቆዩ ራሱ ይወጣል» ብላ ጻፈች። ካላሉካ ባያቸው ቀረጻዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። በቀይ እስክሪብቶ «ሳትጫወት ፈጥራ የጻፈችው ውሸት» ብሎ ዜሮ ሰጣት፤ ዛሬ በዚሁ ተከራከሩ።

ናሉቻ ተነሥታ ጌሙን ሽማግሌው ደጅ ላይ ከፈተች፤ የጌሙን ጀልበኛ አጠገቡ አቁማ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ይኸው፣ ዶክተር።»

ስምንት ሰዓት ሞላ። አለፈም። መብራቱ የዛሬን ቀን መርጦ ቦግ እንዳለ ቀረ።

ካላሉካ ጆይስቲኩን አነሣ። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። አንዱን ብነካ ጉዴ ይወጣል ብሎ ፈራና ዝም ብሎ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ፣ አለ በልቡ።

ሽማግሌው ዞረ። በሩን ዘጋ፣ ጫማውን በእጁ ያዘና ቀስ ብሎ ጀልባው ላይ ወጣ።

ክፍሉ በጩኸት ቀለጠ። «ዶክ አውቀውበት ነው!» አለ ሙቢያና ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ይቅርታ ሲጠየቅ እንዲህ ነው! አንድ ቃል ሳይተነፍሱ!»

ሁሉም አጨበጨበ። ዝም ቢል ነገሩ በዚሁ ያልቅ ነበር፤ ትሑት መምህር ተብሎ ቤቱ ይገባ ነበር። ናሉቻ ግን አላጨበጨበችም። የምታየው እጁን ነው። ካላሉካም ዝቅ ብሎ አየ። ጆይስቲኩን የያዘው ዘቅዝቆ ነበር።

አይታው ዝም አለችለት። ይህ ከሁሉም በላይ አሳፈረው።

«አላወቅሁም» አለ። «የምነካው ጠፍቶኝ ነው የተቀመጥኩት። ይህን ጌም ተጫውቼው አላውቅም። ሌላውንም።»

ጭብጨባው ከሰመ።

«ነጥብሽን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ፣ ናሉቻ።»

«እሱስ እሺ» አለች። ስልኳን አውጥታ የእናቷን ቁጥር ከፈተችና ዘረጋችለት። «እናቴ ወረቀቱን አይታዋለች። መምህር በከንቱ እንዲህ አይጽፍም ብላ ይኸው ሁለት ሳምንቷ፣ ደህና አድርጋ አታናግረኝም። እኔ ብነግራት አታምነኝም። እርስዎ ይንገሯት።»

ስልኩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ደወለ። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ሄሎ፣ ናሉቻ» አለች ሴትየዋ፣ ከገበያ ጫጫታ መሃል። «አሁን ደግሞ ምን ልትዋሺኝ ነው?»