አራቱም መብራት

ከፊት የሚመጣው ባጃጅ መብራቱን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አበራ።

«አየሽ ሲስተር? በዚህ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ እንኳ ያውቁኛል» አለ እሱባለው፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ። «ሰላም እያለኝ ነው።»

ሲስተር አስካለ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጣለች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ጎብዬ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆና ካደረች ጠዋት ወደ ቆቦ የምትመለሰው በሱ ሚኒባስ ነው። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ከፍ አድርጋ ወደፊት እያየች ነበር።

«ሰላም እያለህ አይመስለኝም። ረጅሙን መብራት ቀንስልኝ እያለህ ነው። እኔ ራሴ ነጭ ግድግዳ እንጂ መንገድ አይታየኝም።»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ሰላም ሲልሽ ዝም ትያለሽ?»

ይህን ብሎ ከመሪው ሥር ያለችውን ማብሪያ ተጫናት። ሁለቱ ፎግ ላይቶች፣ የጭጋግ መብራቶቹ፣ በረጅሙ መብራት ላይ ተጨምረው፣ አራቱም አንድ ላይ ቦግ አሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ሹፌሮች በመብራት ብዙ ነገር ይነጋገራሉ። ፊት ለፊትህ ትራፊክ አለ፣ ጎማህ ተንፍሷል፣ ግመል አስፋልቱ ላይ ቆሟል፣ ደህና አደርክ፣ ኧረ ዓይኔን አጠፋኸው፤ ሁሉም የሚባለው በዚያችው ብልጭታ ነው። ሹፌር የሆነ ሰው የትኛው እንደሆነ ከሁኔታው ይለያል። እሱባለው ግን ፎጎቹን ካስገጠመ ወዲህ የሚሰማው የሚያስደስተውን ብቻ ሆነ። መናኸሪያ ሲገባ ባልንጀሮቹ «ሙሽራው መጣ!» እያሉ ይተርቡታል፤ እሱ ተረቡን ሙገሳ አድርጎ ይወስደዋል። ጠዋት የራሱን ፊት ሳይታጠብ የፎጎቹን መስታወት ይወለውላል። የገጠመለት ሰው «ይኸ ለጭጋግ ነው፤ ከአጭሩ መብራት ጋር እንጂ ከረጅሙ ጋር እንዳታበራው፣ የሚመጣውን ሰው ታሳውረዋለህ» ብሎ መክሮት ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የባጃጁ መብራት ወደ ዳር ዘንበል አለና ጠፋ።

«ባጃጁ ገባ! ኧረ ቦይ ውስጥ ገባ!» አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ።

እሱባለው ፍሬን ይዞ ወረደ። ባጃጁ ከማሽላው ዳር ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፤ ሹፌሩ አህመድ፣ የሮቢቱ ልጅ፣ አንድ እግሩ ከሥሩ ተይዞ ራሱን ስቷል። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ባጃጁን አነሱለት። አስካለ የማሽላ አገዳ አስቆርጣ በእግሩ ግራና ቀኝ አደረገችና በነጠላዋ አሰረችው። ከዚያ ሰዉ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ከኋላ ወንበር ላይ አስተኙት።

አህመድ መንገድ ላይ ነቃ። ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚናገረው።

«አይሱዙ መሰለኝ፤ አራት መብራት ነው ያለው። ቀንስልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ለመንኩት፣ ጭራሽ ጨመረብኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔም መንገዱም ጠፋብኝ። እሱ አልፎኝ ሄደ... አንተን አላህ ባያመጣልኝ ሞቼ ነበር፣ እሱባለው።»

የእሱባለው ጆሮ ጋለ። ከኋላ የተሳፈረው ሰው ገሚሱ ሲያንቀላፋ የነበረ ነው፤ ነቅቶ የነበረውም ነገ በማን መኪና ሊሄድ ሹፌሩን ይከሳል? የምታውቀው አስካለ ናት። ቀና ብላ አየችው። አሁን ትናገራለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትናገርለት ደስ ባለው። እሷ ግን ወደ አህመድ እግር ተመለሰች። «እኔ ነኝ» ለማለት አፉን ከፈተ።

«አይዞህ፣ ደርሰናል» አለ በመጨረሻ።

ሆስፒታል ደርሰው አህመድን በቃሬዛ ካስገቡት በኋላ አስካለ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰች።

«እኔ አልናገርም» አለችው። «ተናጋሪው አንተ ነህ። ግን እሱባለው፣ እንዲህ ያለ ነገር ባደረ ቁጥር ይከብዳል።»

እሱባለው ሞተሩን አስነስቶ ወጣ።

ወሬው ከሱ ቀድሞ መናኸሪያ ደርሷል። ሙሽራ እያሉ ሲተርቡት የነበሩት ዛሬ አቅፈው ሳሙት። ምትኩ የሚባለው፣ የወልዲያ መስመር ሹፌር፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ሰው ማለት እንዳንተ ነው። ያንን የአይሱዙ ባለጌ ብናገኘው ግን!»

«አዎ፣ ባለጌ ነው» አለ እሱባለው።

አፉ ነው እንዲህ ያለው። ቃሉን የሰማው ከወጣ በኋላ ነው። ዝም ማለቱ አንሶት ራሱን በሌላ ሰው ስም መስደብ ጀመረ! ተራው ደርሶ ሲጠሩት አሞኛል ብሎ ለሌላ ለቀቀ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ፀሐይዋ ጭጋጉን በልታ ቆርቆሮውን እስክታግለው ድረስ ከዚያ አልወጣም።

ወደ አመሻሹ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የአህመድ አባት መልእክት ላኩበት። አልሄድም ቢል ሰው ምን ይላል? ቢሄድስ በየትኛው ዓይኑ ያያቸዋል? ሄደ።

አባ እንድሪስ በሆስፒታሉ ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ከሮቢት የመጡ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። የልጁ እግር በጄሶ ታስሯል፤ ይቆያል እንጂ ይድናል ተብለዋል። እሱባለውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ና ልጄ፣ ወደ መሃል ና። ያ ጀመዓ፣ ይኸ ልጅ ባይደርስ ዛሬ ከቀብር ነበር የምንውል። እጃችሁን ዘርጉ።»

ሰዉ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። እሱባለውም ዘረጋ።

«አላህ ክፉ አያሳይህ!»

«አሜን!»

«ልጆችህ ይደጉልህ!»

«አሜን!»

«ለልጄ እንደደረስክለት፣ ለልጆችህ ደራሽ አያሳጣቸው!»

እሱባለው ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ፊታቸው ድቅን አለበት፣ መዳፉም ከበደው። ወሎ ውስጥ ሰው ብድር ይክዳል፣ የጎረቤቱን ድንበር ይገፋል፤ ምርቃት ግን የሚሰርቅ የለም። እሱ አሁን በልጆቹ ስም እየሰረቀ ነበር። እጁን ሰበሰበ።

«አባ እንድሪስ፣ ምርቃቱን ያቁሙልኝ።»

አሜኑ መሃል ላይ ተቆረጠ። «ምን ነካው? ምርቃት ያቋርጣል?» አለ አንዱ።

«አይሱዙ አልነበረም» አለ እሱባለው፣ ሰሌኑን ሰሌኑን እያየ። «እኔ ነኝ። ልጅዎ መብራት ቀንስልኝ ሲለኝ ሰላም ያለኝ መስሎኝ ፎጉን ጨመርኩበት። መኪና ውስጥ ሲናገርም ሰምቼ ዝም አልኩ።»

የአህመድ ታላቅ ወንድም ዱላውን ይዞ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ!» አሉት አባ እንድሪስ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት። ዓይናቸው እሱባለው ላይ ነው። «ጠዋት ለምን አልተናገርክም?»

«አፈርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ባሰብኝ።»

አንዲት ሴት በጥፍሯ ሰሌኑን ትቧጭራለች። እሱባለው ሽማግሌው ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። እሳቸው አልሰደቡትም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉትም።

«ዱዓ ተከፍቶ ሜዳ ላይ አይተውም» አሉና እጃቸውን እንደገና አነሱ። ፊታቸውን ወደ ሕሙማኑ ክፍል አዞሩ። «አላህ ለአህመድ እግሩን ይመልስለት!»

«አሜን!» አለ የተሰበሰበው ጀመዓ።

«እንደ ጥንቱ ያቁመው! ለቤቱ ያብቃው!»

ከዚህ በኋላ የእሱባለውን ስም የጠራ፣ ሂድ ወይም ቆይ ያለው አልነበረም። የግቢው በር ክፍት ነው፤ ሚኒባሱ ከበሩ ማዶ ቆሟል። ሁለት እርምጃ ወደዚያ ሄደና ቆመ። ተመልሶ ከሰሌኑ ውጪ፣ ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። መዳፉን ዘረጋና ለአህመድ አሜን አለ።