ማንም የማያውቀው ቦታ

ሻለቃው «የሽጉጤን ቦታ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም» ሲሉ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ማሰሪያ ማየት ጀመርኩ። ቁምሣጥኑ አናት ላይ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ፣ ክዳኑ በተቀደደ የባርኔጣ ካርቶን ውስጥ እንደሆነ አውቅ ነበር። የነገረችኝ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ናት።

የተቀመጥነው የከተማው ምክር ቤት የጸጥታ ኮሚቴ በሚሰበሰብበት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ አልከፈት ካለ ዓመታት አልፈውታል። ጠረጴዛው ከበሩ ስለሚሰፋ እዚያው ውስጥ ተገጣጥሞ እዚያው ቀርቷል። ሻለቃው ጡረታ ከወጡ በኋላ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነዋል። ሰዓት ያከብራሉ፣ ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ ያላመኑበትን ነገር ግን በልመናም በግፊትም የሚያስፈርማቸው የለም።

ያቀረብንላቸው ረቂቅ ደንብ አጭር ነው። መሣሪያ ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጥ፤ ጥይቱን ለብቻው ያኑር። ሻጭ ያለ ቁልፍ አይሽጥ። በቸልታ ልጅ እጅ ከገባ ባለቤቱ ይጠየቅ። ከኮሚቴው አባላት ሦስቱ ደግፈውታል፣ ሦስቱ ተቃውመውታል። የቀረው የሻለቃው ድምፅ ብቻ ነው። እዚህ ከወደቀ፣ ይህ ምክር ቤት ዘመኑን እስኪጨርስ ድረስ ተመልሶ አይታይም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ማኅበራችንን የመሠረተችው ሐኪም ናት። በዕድሜ ብትበልጠኝም «አንቱ ካልከኝ የጡረታ ደብዳቤዬንም አብረህ አምጣ» ስላለችኝ አንቺ እላታለሁ። ቀዶ ጠጋኝ ናት። «ጥይት ማውጣት እችልበታለሁ፤ እንዳይገባ ማድረግ ግን በእኔ መቀስ አይሆንም» ትላለች። ሆስፒታሉ የሚሠራው ሥራ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እየሆነባት፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ጥቂት ሐኪሞችና ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አሰባሰበች። ከእነዚህ አንዱ እኔ ነኝ። የእኔ ድርሻ ጥናቱ ነው፤ ስለዚህ የኮሚቴው አባላት ስሜን ትተው «ፐርሰንት» ይሉኛል።

ጥናቱ ቀላል ነው። ፈቃደኛ የሆኑ ቤተሰቦች ቤት እንሄድና ወላጅን ሳሎን፣ ልጅን ሌላ ክፍል አድርገን ለየብቻ እንጠይቃለን። ወላጁን «ልጅዎ መሣሪያው የት እንዳለ ያውቃል?» እንላለን። ልጁንም ያንኑ። አብዛኞቹ ወላጆች አያውቅም አሉ። ከእነዚሁ ወላጆች ልጆች ግማሽ ያህሉ ቦታውን ነገሩን፤ አንዱማ እጄን ይዞ ሊያሳየኝ ሲነሳ በግድ ነው ያስቀረሁት። ልጆቹ የነገሩንን ለማንም እንደማንናገር ቃል እንገባለን፣ ወላጆቹም ይህን አውቀው ነው የሚፈቅዱት። ስንወጣ፣ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ምክርና አንድ ጓጉንቸር እንሰጣለን።

ሻለቃው ቤታቸውን የከፈቱልን ራሳቸው ናቸው። «የምፈርድበትን ነገር በዓይኔ ማየት አለብኝ» አሉ። እንዲህ የሚያደርግ ተቃዋሚ ብዙ አይገኝም። ጓጉንቸሩን ግን ተቀብለው፣ ነፋስ እንዳያገላብጣቸው፣ ጋዜጦቻቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሻለቃ ልክ ናቸው» አለ የግንባታ ዕቃ ነጋዴው። የተቃዋሚዎቹ አፍ እሱ ነው። «እኔም ደብቄያለሁ። ሚስቴ እንኳን ዓመት ሙሉ ፈልጋ አላገኘችውም።»

«ለምን ፈለገችው?» አለች ሐኪሟ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ነጋዴውም አብሮ ሳቀ፤ ጨዋታ ያውቃል። «እሱን እሷን ጠይቂያት! ይልቅ ይሄ ፐርሰንት ይዞት የሚዞረው ቁጥር የማን ቤት ነው? እኔ የማውቀው የራሴን ነው።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አሉ ሻለቃው። «ቁጥሩን አልናቅኩትም። የሌላ ሰው ቤት እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥንቁቁን ከዝርክርኩ ጋር በአንድ ገመድ ማሰር ፍትሕ ነው ወይ? እስቲ ትንሽ አረፍ ብለን እንመለስ።»

ሐኪሟ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያዘችኝ።

«ታውቃለህ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ተው እንግዲህ! እሳቸው ሲናገሩ አንተ ጫማህን ስትመረምር አይቼሃለሁ። ልጅቷ ነግራሃለች።»

ቦርሳዬን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«አንድ ቃል ብቻ፣ ጠጋ ብለህ በጆሯቸው። ደንቡም ያልፋል፣ ልጅቷም ከአደጋ ትወጣለች። ምን ትጠብቃለህ?»

«ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ለሰባት ዓመት ልጅ!»

«ለሰባት ዓመት ልጅ የገባሁትን ካፈረስኩ፣ ነገ የትኛው ልጅ እውነት ይነግረኛል? የትኛው ወላጅስ በሩን ይከፍትልኛል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ዶክተር። ጥናቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው።»

«እና ሽጉጡ እዚያው ይቀመጥ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ዕረፍት የነሳኝም እሱ ነው። ደጋግሜ ደውዬ ስለ ጓጉንቸሩ ጠይቄያቸዋለሁ፤ «አለ፣ አለ» ነው መልሳቸው። አለ እርግጥ፣ ጋዜጣ ላይ።

«አይቀመጥም» አልኳት። «እኔ አልነግራቸውም፤ ራሳቸው ይጠይቋት። ሁሉም አባላት ዛሬ ቤታቸው ገብተው እኛ የጠየቅነውን ይጠይቁ። ድምፁ ነገ ይሰጥ።»

«ነገ? ዛሬ ሞቅ ያለው ነገ ይቀዘቅዛል። ደግሞ ልጅቷ ፈርታ አላውቅም ብትልስ?»

«በቁጣ ካልጠየቋት አትልም። እንዴት እንደሚጠየቅ ደግሞ እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አንተ ሞኙም ወረቀቱም ነህ» አለች። ግን ፈገግ ብላ ነበር፤ ቀድማኝም ወደ ክፍሉ ገባች።

ሐሳቡን ሳቀርብ ነጋዴው ወንበሩን ወደ ኋላ አስደገፈ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው። ልጆቼን እንደ ፖሊስ ልመርምር?»

«እንደ አባት ነው እንጂ» አልኩት። «መጀመሪያ እንደማትቆጣ ቃል ግባላቸው። ፊት ለፊት አፍጥጠህ ሳይሆን አብረሃቸው ሌላ ነገር እየሠራህ ጠይቅ። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። መልሱን ለእኔ መንገር የለብህም። ምንም ይመልሱ ምን ግን መሣሪያውን ዛሬውኑ ቆልፈው።»

ሻለቃው እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙ። «እኔ ጠይቄያት ልጅቷ ‹አላውቅም› ካለችስ?»

«ተቃውመው ድምፅ ይስጡ። አልከፋም፣ ዳግመኛም መጥቼ አልጨቀጭቅዎትም።»

«ይሄ የወንድ ውል ነው» አሉ። «ነገ ጠዋት። ማንም እንዳይቀር።»

ማታ እናቴ ቤት እራት በላሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ልጅ ሳለን ጨርቅ መቁረጫ መቀሷን ወረቀት እየቆረጥንበት ስላደነዝነው ትደብቀው ነበር። የዋልኩበትን ስነግራት «እኔማ ብልህ ነበርኩ፤ መቀሴን አንድም ቀን አላገኛችሁትም» አለች።

«ከመስፊያ ማሽኑ ሥር፣ የክር ቆርቆሮው ውስጥ» አልኳት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን እንቅልፌን በሰላም ተኛሁ። ሰው ልጁን ከጠየቀ እውነቱን እንደሚያገኝ ከዚያ ቀን በፊት በቁጥር አውቀው ነበር፤ ያን ማታ በእናቴ ፊት ላይ አየሁት።

በማግስቱ ሁልጊዜ ቀድመው የሚገኙት ሻለቃ አልነበሩም። ነጋዴው ግን መጥቶ ነበር፤ እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«ልጆችህ ምን አሉህ?» አለው አንድ አባል።

«ልጆቹን ተዋቸው። ሚስቴ ናት ጉድ ያደረገችኝ። ለካ ያኔውኑ አግኝታው ነበር! አግኝታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ መልሳ አስቀምጣዋለች። ‹አንተ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው› አለችኝ።»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ሻለቃው ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ስብሰባውን ከፍቻለሁ አላሉም፤ ፊታቸውም ቁርጥ ያለ ነበር። ሐኪሟ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካች።

«ትናንት እዚህ የተናገርኩት በቃለ ጉባኤ ተይዟል» አሉ። «ዛሬ የምናገረውም ይያዝ። ቤት ገብቼ ልጅቷ ሥዕል ስትቀባ አገኘኋት። ቀለም አቀበልኳት፣ አልቆጣም ብዬም ቃል ገባሁ። ከዚያ ‹የአያትሽ ሽጉጥ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?› አልኳት። ቀና እንኳን አላለችም። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?»

ሁላችንንም በየተራ አዩን።

«‹የድሮ ቦታውን ነው፣ አዲሱን?› አለችኝ።»

ነጋዴው አፉን በእጁ ያዘ። እኔም ደንግጬ ቀና አልኩ። አዲስ ቦታ መኖሩን አላውቅም ነበር።

«ይሄ ፐርሰንት ቤቴ መጥቶ ከሄደ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ» ብለው ቀጠሉ። «ከቁምሣጥኑ አውርጄ ጓዳ፣ ከዱቄት ጆንያው ኋላ ወሸቅኩት። ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ነው ያደረግኩት። ብልሃት መሆኑ ነው። ‹አዲሱንስ በምን አወቅሽ?› አልኳት። ‹አባባ፣ ሱሪህ ጉልበቱ ላይ ዱቄት ነበረው፤ አንተ ደግሞ ጓዳ ገብተህ አታውቅም› አለችኝ። እኔ ስንት ዘብ ያቆምኩ ሰው!»

የሳቀ ግን አልነበረም፤ እሳቸው ስላልሳቁ።

«ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳት። ‹ነክተሽዋል?› አልኩ። ‹ካርቶኑን ብቻ› አለች። ካርቶኑን ብቻ።» ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉ። «ጥይቱ ውስጡ ነበር። ሌሊቱን ሽጉጡን ከጎኔ አድርጌ ስጠብቀው አደርኩ፤ የምቆልፍበት አልነበረኝማ። የሰጡኝ ጓጉንቸር ቁልፉ ጠፍቷል።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዘወር አለች። ምን እንደምታስብ ገባኝ። የድሮውን ቦታ በጆሯቸው ብነግራቸው ኖሮ «እሱንማ ከቀየርኩት ቆየሁ» ብለው ደረታቸውን ነፍተው ይቃወሙን ነበር፤ ሽጉጡም ከዱቄቱ ኋላ፣ ልጅቷ በምታውቀው ቦታ፣ ተቀምጦ ይቀር ነበር።

ውይይቱ ቀጠለ። ነጋዴው አሁንም እጁን አወጣ። «እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ዛሬ ፍተሻ የለበትም ትላላችሁ፤ ነገ ደንቡን ሰበብ አድርጎ ቤቴን የሚገለብጥ ቢመጣስ?»

የተናገረው ባዶ ስጋት አይደለም፤ ይህንንም አልኩ። «በዚህ ደንብ ምክንያት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት አይፈተሽም» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ ሻለቃው አስጻፉ። ሌላም አስጨመሩ፤ መግዛት ለማይችል ከተማው ቁልፍ ይስጥ፣ ከዓመት በኋላም ጥናቱ እንደገና ይሠራ። «ደንቡ መሥራቱን ያኔ በቁጥር እናየዋለን። ካልሠራ እኔው ራሴ እሽረዋለሁ» አሉ። ከዚህ በላይ የምመኘው አልነበረኝም።

ከዚያ እጃቸውን አነሱ። ደንቡ ወደ ጠቅላላው ምክር ቤት እንዲያልፍ ተወሰነ። ነጋዴው በአቋሙ ጸንቶ ተቃወመ፤ ሲወጣ ግን በጆሮዬ «መሣሪያ የሚቆለፍበትን የብረት ሳጥን ስንት ብሸጠው ያዋጣል?» አለኝ።

ሻለቃው ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«ልጆች የነገሩኝን አልናገርም፣ ሻለቃ።»

«ለእኔም?»

«በተለይ ለእርስዎ።»

ለአፍታ አዩኝና ትከሻዬን መታ አደረጉ። «ድሮ ባገኝህ የምስጢር መልእክተኛ አደርግህ ነበር። አሁን ከዚያ ቦርሳህ አንድ ጓጉንቸር አውጣ።»

ሰጠኋቸው። ሽጉጡን ጠዋት ሲመጡ ፖሊስ ጣቢያ በአደራ አስቀምጠውታል፤ ያረፈዱትም ለዚህ ነው። ሲመለሱ የብረት ሳጥን ገዝተው ሊወስዱት ነው። ቁልፉን ከፍተው ዘጉት፣ እንደገና ከፍተው ዘጉት፤ መክፈቻውን ከአንገታቸው በማይለየው የመታወቂያ ሰንሰለት ላይ አስገቡትና ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱት።

«የት እንዳደረጉት እንዳታይዎት» አልኩ፣ ለጨዋታ።

«ትይ!» አሉ። «ሳጥኑንም ትይ፣ ቦታውንም ትወቅ። እኔው አሳያታለሁ። ከእንግዲህ ብታውቅ ምን ታመጣለች?» ደረጃውን ሲወርዱ መክፈቻው ከደረታቸው ላይ ቅጭል ቅጭል ይል ነበር።

ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና ስላላት ቸኩላ ቦርሳዋን አነሳች። ደረጃው ላይ ግን ቆም አለች።

«ጠቅላላው ምክር ቤት ብዙ ሰው ነው። ሁሉንም እንዴት እናሳምናቸዋለን?»

«ሁሉም ቤት አላቸው» አልኳት። «ገብተው ይጠይቁ።»