ሽፋኑ ላይ ያለው ስም

ኤርነስቲን የድንች ሰላጣዋን እያማሰለች ጆሮዋን ወደ ሳሎን ጣለች። ጓደኛዋ ቨርና ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይዛው ስትዞር የከረመችውን ሲዲ ለኤርነስቲን ልጅ ለጆይስ እያሰማቻት ነበር። የስድሳዎቹ ዘፈኖች ስብስብ ነው። የአንድን ዝነኛ የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር የቀረጻ ስልት ለመምሰል ከበሮውን፣ ቫዮሊኑንና ጭብጨባውን በማሚቶ ስለጨፈለቁት ማን እንደሚዘፍን እንኳ በቅጡ አይለይም። ሁለቱም በወጣትነታቸው እንዲህ ዓይነት ዘፈን ዘፍነዋል። ስብስቡ ውስጥ የገባው ግን የቨርና ብቻ ነው።

«አክስቴ ቨርና፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» አለች ጆይስ።

የገዛ ልጇ! «ድስት ሲንኳኳ ይመስላል» አለች ኤርነስቲን ከወጥ ቤት ብቅ ብላ።

«ቀናሽ እንዴ?» ብላ ቨርና ሳቀች።

«በድስት?»

«እማዬ፣ ዘፈኑ ላይ ያለችው ትንፋሿን ስትስብ እኮ ልክ እንዳንቺ ናት» አለች ጆይስ። «ለእራት ስትጠሪን።»

የቨርና ሳቅ ከፊቷ ጠፋ። «የተቀረጽን ቀን ጉንፋን ድምፄን ዘግቶት ነበር። ረሳሽው፣ ኤርነስቲን?»

«ዜማውን እንድታጠኚበት ነዋ የዘፈንኩልሽ!»

«የቀረጸን ሰውዬ የኔን ጣለና ያንቺን በኔ ስም አወጣው። ልነግርሽ እልና አፍራለሁ።»

ኤርነስቲን ይህን ሁሉ ዓመት የቀናችው በገዛ ድምፅዋ ነበር። ቅናቱ ግን አሁንም አልለቀቃትም፤ ሽፋኑ ላይ ወዳለው ስም ዞረ እንጂ። የሲዲውን ሽፋን አነሳችና የቨርና ፎቶ ያለበትን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«በይ ጆይስ፣ እንደገና ክፈችው» አለች። «ጎረቤትም ይስማ።»