ሰባቱ ቅጂዎች

ሚስባህ የሚሠራባት ክፍል ጆሃንስበርግ ካለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ናት። በሯ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ለሂዩማኒቲስ ተመራማሪዎች የኮምፒውተር እገዛ» ይላል። እገዛ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው፦ አንዱ ፕሮፌሰር ሠላሳ ዓመት የሰበሰበውን ደብዳቤ በካርቶን አሸክሞ ይመጣና «ይኼን ኮምፒውተሩ አንብቦ ይንገረኝ» ይላል። ሌላዋ የጻፈችውን ሁሉ ታጠፋና፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዳጠፋው ምላ ተገዝታ ታስረዳለች። ሚስባህ የወራቤ ልጅ ነው። አባቱ ነጋዴ ስለነበሩ ከደንበኛ ጋር መከራከር ትርፍ እንደሌለው ከልጅነቱ ያውቃል። «እሺ ፕሮፌሰር፣ እናየዋለን» ይላል፤ ያየዋልም።

ፍሬገነት የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የሆሳዕና ልጅ ናት፣ የምታጠናው ታሪክ ነው፣ ዶክትሬቷ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ርዕሷ መንገዱ ነው፤ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተነሣ ሰው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጎ ጆሃንስበርግ የሚገባበት መንገድ። ይህን ርዕስ ለምን እንደመረጠች የማያውቅ ሐበሻ በከተማው የለም። ታናሽ ወንድሟ ፀጋዬ በዚያው መንገድ ወደ እሷ ሲመጣ ማላዊ ላይ ድምፁ ጠፋ። ይኸው አምስት ዓመት ሆነ፤ እስከ ዛሬ የሚደወል ስልክ ሁሉ እሱ ይመስላታል።

ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሰማንያ አራት የድምፅ ቅጂ ነው። ሁሉንም ወደ ጽሑፍ ቀይርልኝ። ከዚያ የሰውና የቦታ ስም እየለየህ፣ ከነዓረፍተ ነገሩ ደርድርልኝ። ሰኞ ረቂቁን ካላስገባሁ ያባርሩኛል።»

«አንቺ ሰምተሽዋል?»

«ሩቡን አልሰማሁም። መቼ ልስማው? ማስተማሩ አለ፣ ፈተና ማረሙ አለ። ለዚህ አይደል አንተ ያለኸው?»

«እሺ ዶክተር።»

«ገና አልሆንኩም፣ አታሟርትብኝ!» ብላ ሳቀች።

ቅጂዎቹ አንድ ጠባይ አላቸው። ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ ያለችው ሰው ሱቁን ዘግቶ ለተመራማሪ አያወራም። ስለዚህ ፍሬገነት አንድ ዘዴ ዘየደች፦ አንድ መቅጃ ዛንድስፕሩት፣ አንድ መቅጃ ጻካኔ ወደሚባሉ ሎኬሽኖች ላከችና ባለሱቆቹ እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ አደረገች። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጠው ያወራሉ። አንዱ የታንዛኒያን እስር ቤት ሲተርክ በመሃል ደንበኛ በዙሉኛ ሰላም ብሎ «ሳዉቦና፣ ሁለት ዳቦ» ይላል፣ ዳቦው ይሰጣል፣ እስር ቤቱም ካቆመበት ይቀጥላል። ማሽኑ ምን ቸገረው፣ ዳቦውንም እስር ቤቱንም እኩል ይጽፋል።

ሐሙስ ጠዋት ሥራው አለቀ። ሚስባህ ማሽኑ የደረደረውን የስም ዝርዝር እያየ ስሕተት ሲለቅም ቅጂ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረሰ። «ፀጋዬን ማላዊ ነው የቀበርነው» ይላል። «ወባ ነው የጨረሰው። በእጃችን ነው ያለበስነው።»

ፀጋዬ የሚባል ስንቱ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ቀጣዩን መስመር ሲያነብ ግን ማጽናኛው አለቀበት።

«የፍሬገነት ወንድም አይደል እንዴ?»

«እሱ ነዋ። እንዳትነግራት አደራ። ጋሽ አቢሶ ትምህርቷን ትጨርስ ብለዋል።»

እንዲህ ያለ ጉድ የት ተሰምቶ ያውቃል? ከእሷ ሊደብቁት የተማማሉትን ነገር በራሷ መቅጃ ቀድተው በእጇ ሰጧት! ክፋት የለባቸውም፤ ወዳጅ ለወዳጁ ሲያወራ ሌላ ማን እንደሚሰማ ይረሳዋል። ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ እኮ። ሚስባህ የቀረውን ሲያበጥር ፀጋዬ በሰባት ቅጂዎች ውስጥ ሞቶ አገኘው። በአንዱ እንደ አጋጣሚ ተነሥቶ ታልፏል፣ በሌላው ባለሱቁ አልቅሶለታል።

እሱ ራሱ የአባቱን መርዶ የሰማው አዲስ አበባ ላይ፣ የመጨረሻ ፈተናውን ጨርሶ ሲመለስ ነበር። አባቱ ከተቀበሩ ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ አጎቶቹ መጥተው ነገሩት። ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ካፌ ሲስቅ የዋለባቸውን ቀናት አሁንም ይቆጥራቸዋል። አጎቶቹን ማመስገን ይሁን መቀየም እስከ ዛሬ አልቆረጠም።

ከሰዓት ታክሲ ይዞ ሮዘተንቪል ሰፈር ሄደ። ጋሽ አቢሶ የፍሬገነት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ብርድ ልብስ ይነግዳሉ። መጀመሪያ እዚህ አገር ስትገባ ከኤርፖርት የተቀበሏትም እሳቸው ናቸው። ሚስባህ የመጣበትን ሲነግራቸው የያዙትን ብርድ ልብስ አስቀምጠው በሩን ገርበብ አደረጉ።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት ከሰሙ?»

«ሦስት ዓመት አለፈው።»

«ሦስት ዓመት!»

«ምን እናድርግ ልጄ? የሰማን ጊዜ ፈተና ላይ ነበረች። ፈተናው ሲያልቅ የጥናት ዕቅድ አለች። ዕቅዱ ሲያልቅ ምዕራፍ አንድ አለች። ይኼ ትምህርታችሁ መጨረሻ የለውም እንዴ? እኛ እንዳለቀ እንነግራታለን እያልን፣ አላልቅ ብሎን ነው እኮ!»

ሚስባህ ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ የሽማግሌው ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

«እናቷስ?»

«ከእናትየው ጋ በየቀኑ ይደዋወላሉ። አንዷ ሰምታ ሌላዋ ሳትሰማ ይሆናል? ሁለቱም ጋ ባንድ ጠዋት ነው የሚኬደው።» ቀረብ አሉት። «ሰኞ ታስገባለች አልክ። ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ እንሄዳለን፣ ሴቶቹም አሉ፣ የሚይዛት ሰው አለ። ድካማችን ሁሉ ብቻዋን እንዳትሰማው ነው። አራት ቀን ዝም በልልን። ያንተ ሥራም ሰኞን አሳልፋ እንድትመረቅ ነው፣ የኛም ጸሎት እሱው ነው።»

ሚስባህ ተስማማ። ሰው መርዶን ከማሽን ይሰማል? ይኼንን የሚያደርግ እጅ የእሱ እጅ እንዲሆን አልፈለገም። ማታውኑ ሰባቱን ቅጂዎች ከዝርዝሩ አወጣቸው።

ዓርብ ጠዋት ፍሬገነት ፈጥና መጣች። ዝርዝሩን ስታይ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ «አንተ ሰው፣ ነፍስ ነው የዘራህብኝ!» አለች። ተቀምጣ ቁልቁል ታነብ ጀመር። ብዙም አልቆየች።

«ሚስባህ፣ ሰባ ሰባት ነው ያለው።»

«ሰባቱ ድምፃቸው መጥፎ ነው። ማሽኑ አልሰማቸውም።»

«የትኞቹ ናቸው?»

ቁጥራቸውን ነገራት። ከመንገር በቀር ምን ምርጫ ነበረው? የታሪክ ሰው ሥራው የጎደለ ወረቀት መፈለግ ነው፤ ከመዝገብ ውስጥ አንድ ገጽ የተቀደደ እንደሆነ ቀሪውን ትቶ የሚያነበው የተቀደደውን ነው። ይህን ከሚስባህ በላይ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም ነበር፤ ስንቱ ፕሮፌሰር እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነግሮታል። ግን የተጨነቀ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል።

«ምንም አይደል» አለች። «ሰባ ሰባቱ ይበቃሻል» ሲላትም ራሷን ነቀነቀች። እሱ ለጁምዓ ሶላት ሲወጣ ሥራዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። በመስጊዱ ውስጥ ሐሳቡ ተበታተነበት፣ የኢማሙን ንግግር ምኑንም አልሰማም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ ደረጃውን በፍጥነት ወርዶ ተመለሰ።

በሩን ሲከፍት ፍሬገነት ፍላሿን ሰክታ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋለች። ጣቶቿ እየጻፉ ነው። ታዳምጣለች፣ ታቆማለች፣ ትጽፋለች፣ ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ትሰማለች። ፊቷ በእንባ ርሷል፣ እሷ ግን የምታለቅስ አትመስልም፤ ሥራ ላይ ናት። ዘወር ብላ አየችው።

«ድምፁ ጥሩ ነው» አለች። «አምስቱን ጻፍኩ። ሁለት ይቀረኛል።»

«ፍሬገነት…»

«ጋሽ አቢሶ የሰሙት መቼ ነው? ባለሱቆቹ እዚህ ላይ ዓመቱን አይናገሩም።»

አሁን መዋሸት ምን ይረባል? «ሦስት ዓመት አልፎታል» አላት።

ማዳመጫውን አውልቃ አስቀመጠች። ሚስባህም ያኔ ነው የፈራው።

«እኔ እኮ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቼ እጸልይለታለሁ» አለች። «በሁሉም ፊት። ‹ጌታ ሆይ፣ ፀጋዬን ያለበት ጠብቅልኝ፣ ይብላ፣ አይብረደው› እላለሁ። ሁሉም አሜን ይላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አሜን ይሉኛል።»

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። «ወንድሜን! ወንድምዬን!» ብላ ከወንበሩ ወደ ምንጣፉ ወረደች። የፎቶ ኮፒ ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች በመስታወቱ አጮለቁ። ሚስባህ በሩን ዘጋ። የሚይዛት ሴት የለ፣ ውሃ የሚያቀርብ የለ፣ ሽማግሌ የለ፤ እሱ ብቻ ነው ያለው። ስልኩን አወጣና የጋሽ አቢሶን ቁጥር ፈለገ።

«አትደውል» አለችው።

«ሰው ያስፈልግሻል። ይምጡ እንጂ።»

«አይምጡ። ነገም አይምጡ፣ ማንም አይምጣ። እሑድ እሄዳለሁ። ተነሥቼ እንደ ወትሮዬ እጸልይለታለሁ፤ ይብላ፣ አይብረደው እላለሁ። ማን አሜን እንደሚለኝ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ።»

ሚስባህ ስልኩን ኪሱ ከተተና ጫማውን አውልቆ፣ ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።