አፍ የምትወርስ ልጅ

«አይዞሽ ልጀ፣ ምን ይደረጋል፣ የማይሞት የለ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። ከጎጃም ጅጅጋ ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ አነጋገራቸው ግን እዚያው እንደቀረ ነው።

«እሽ እትየ። እግዜር ይስጥልኝ» አለች አክሱማዊት።

አጠገቧ የተቀመጠው ወንድሟ ሚሊዮን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ሴትዮዋ ወደ ድንኳኑ ጥግ አልፈው እስኪቀመጡ ጠበቀና ጆሮዋ ሥር «ደግሞ ጀመርሽ» አላት።

«ምኑን?»

«‹እሽ እትየ› አልሽ እኮ። በአባዬ ለቅሶ እንኳ አትተይውም? እሱን ያስቀየመውስ ይኸው አይደል?»

አላወቀችውም ነበር። መቼም ቀድማ አታውቀውም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከባቢሌ መጥተው ለውዝ ከሚሸጡ ሴቶች ጋር አምስት ደቂቃ ካወራች አማርኛዋ እንደ እነሱ ይወጣል ይወርዳል። አምስተኛ ክፍል ሳለች አንድ መምህር አነጋገሬን ትቀዳለች ብሎ በማስመሪያ መዳፏን አሳበጠው። በማግስቱ አባቷ ልዑልሰገድ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደ። «ልጄ በሰው አታሾፍም» አለው መምህሩን እየሳቀ። «አፍ ትወርሳለች። ተፈጥሮዋ ነው።»

ልዑልሰገድ ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። የሶማልኛውን በአማርኛ፣ የአማርኛውን በሶማልኛ ሲመልስ አንዲት ቃል አይጨምርም፣ አንዲት ቃል አይቀንስም። ምስክሩ እንባ ተናንቆት ካቆመ፣ እሱም ሲተረጉም እዚያው ቃል ላይ ደርሶ ዝም ይላል። ዳኞች ቢለዋወጡም እሱን የሚለውጥ አልተገኘም።

ባለፈው ጥቅምት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መታው። እጁ ሰለለ፤ ከአንደበቱ ደግሞ ‹ረ› የሚባል ፊደል ጠፋና በቦታው ‹ለ› ገባ። አክሱማዊት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ታጥበው፣ ታጎርሰው፣ ቀኑን ሙሉ ታጫውተው ጀመር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲገባ፣ ከአልጋው ሆኖ «በሉን ዝጊው፣ ብልድ ገባ» አላት።

«እሺ አባዬ» አለች ተነሥታ። «እውነትም ብልዱ በዝቷል።»

ዞር ስትል እያያት ነበር። አፉ ትንሽ ተከፍቶ ቆየና ተዘጋ። ከዚያን ቀን ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም። እግሩ ላይ ወድቃ «አባዬ፣ ሳላውቅ ነው» ስትለው በደህና እጁ ክንዷን ይዞ አነሣት፤ መልስ ግን አልሰጣትም። በአራተኛው ወር ሾርባ እያጠጣችው ሞተ።

አሁን ሠልስቱ ነው። ንፍሮ የሚያዞሩት ሴቶች እሷ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። «በገዛ አባቷ ታላግጥ ነበር አሉ» ሲባባሉ ሁለት ጊዜ ሰምታለች።

ከቀትር በኋላ ዐብዲጀባር መጡ። ከአባቷ ጋር በአንድ ችሎት ያረጁ ጠበቃ ናቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በሶማልኛ «አደር»፣ አጎቴ፣ እያለች ነው የምትጠራቸው። ለቀብር ያልደረሱት ኤረር ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ስለነበር ነው። ሚሊዮን ቦታውን ለቀቀላቸው።

«አባቴ ተቀይሞኝ ሞተ ትያለሽ አሉ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

መሬት መሬት እያየች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አልተቀየመሽም።»

ቀና አለች። ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷን ቀለል አላት።

«አንድ ዓርብ ልጠይቀው ስመጣ አንቺን በእጁ ጠቁሞ መድኃኒት ቤት ልኮ በሶማልኛ አዋራኝ። ‹ልጄን አላውቃትም ወይ? በእኔ አታሾፍም› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዘጋኝ፣ አደር?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«‹እንደዚህ እንደምናገር ግን አላውቅም ነበር› አለ። ለራሱ ጆሮ ደህና ነበር የሚሰማው። ሐኪሙም፣ እኔም፣ ንግግርህ ተስተካክሏል እያልን እንዋሸው ነበር። ወደ ችሎት እመለሳለሁ ብሎ ሱፉን እንኳ ላውንደሪ ሰጥቶ አልነበር? ‹እናንተ ሸነገላችሁኝ፤ እሷ ግን ሳትጨምር ሳትቀንስ አሰማችኝ› አለኝ። ከዚያ በኋላ ለእኔም አልተናገረም። አፈረ እንጂ አልተቀየመሽም፣ ልጄ። ይህን ሳልነግርሽ ብሞት ደግ አይደለም ብዬ ነው።»

የሚያጽናናት መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ከእግሩ ሥር ያነሣትን ያን እጁን አሰበች። ይቅር ብሏት ነበር፤ ይቅር የሚላት ነገር ግን አልነበረም። አላግጣበት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ትገባ ነበር። ያልሠራችውን ይዛ የት ትሄዳለች? ሦስት ወር ሙሉ፣ እሷ በየማለዳው «ደህና አደርክ አባዬ» ባለች ቁጥር፣ እሱ የሚጠብቀው የገዛ ድምፁ ከአፏ እስኪወጣ ነበር።

ዐብዲጀባር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። አማርኛቸው የተቀላጠፈ ነው፤ ‹ጸ› ብቻ ለምላሳቸው አይቀናም።

«አላህ ያስናሽ፣ ልጄ» አሏት።

ተነሣች። ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት ምላሷ ወደ እሳቸው ሲያዘነብል ተሰማት፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃሉ ሳይወጣ ተሰማት። የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው፤ ጥርሷን ነክሳበት፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸው።